ለግፊት ውሃ ማጠቢያ ማሽን የሚስማማ ሰርፌስ ክሊነር እንዴት ይመረጣል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በቤንዚን የሚሠራ የግፊት ውሃ ማጠቢያ ማሽን አለኝ፤ ሰሌዳው ላይ ግፊቱ 3000 ፒኤስአይ (207 ባር ገደማ)፣ የውሃው መጠን ደግሞ በደቂቃ 9.5 ሊትር ተብሎ ተጽፏል። እስካሁን ግቢውን የማጥበው በተለመደው ረጅም መርጫ ሲሆን፣ ሥራው ከመርዘሙም በላይ ሊሾው ሲደርቅ ውሃው ያለፈበት መስመር ሁሉ ጅራፍ ያረፈበት ይመስል ተለይቶ ይታያል። በዚህ ምክንያት ሰርፌስ ክሊነር የሚባለውን፣ በክብ ክዳን ሥር በሚሽከረከር ዘንግ ወለል የሚያጥበውን ተቀጥላ ለመግዛት ወስኛለሁ።

ምርጫዬ በሦስት ዕቃዎች መካከል ነው። አንደኛው 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ዙሪያውን በብሩሽ የታጠረና ጎማ የሌለው የፕላስቲክ ክዳን ነው። ሁለተኛው 38 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ክዳኑ ከማይዝግ ብረት የተሠራና ጎማ የተገጠመለት ነው። ሦስተኛው 50 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ሻጩ ሥራውን በግማሽ ያሳጥርልዎታል እያለ የሚያግባባኝ በእሱ ነው። በሦስቱም ላይ 4000 ፒኤስአይ የሚል ስለተጻፈ፣ በግፊት በኩል የእኔ ማሽን ከሁሉም ጋር የሚሄድ ይመስለኛል። ከግቢው አብዛኛው ሊሾ ነው፤ ከበሩ እስከ ደጃፉ ያለው መተላለፊያ ግን በመገጣጠሚያው መካከል አሸዋ የተሞላ የኮንክሪት ንጣፍ ነው። የትኛውን ብወስድ ይሻላል?

የመጀመሪያው ምላሽ

እንደምን ሰነበቱ። ሻጩም ሆነ እርስዎ የተመለከታችሁት ግፊቱን ነው፤ ለዚህ ዕቃ ግን ቀድሞ መታየት ያለበት በደቂቃ የሚወጣው የውሃ መጠን ነው። ክዳኑ ላይ የሰፈረው 4000 ፒኤስአይ ዕቃው ጉዳት ሳይደርስበት ሊሸከመው የሚችለውን ጣሪያ ይነግርዎታል እንጂ፣ ወለሉን ለማጽዳት ምን ያህል ውሃ እንደሚያስፈልገው አይነግርዎትም። በሙያው የተለመደው መነሻ፣ በደቂቃ ለሚወጣ ለእያንዳንዱ 1 ጋሎን (3.8 ሊትር ገደማ) ከ10 እስከ 13 ሴንቲ ሜትር ስፋት መያዝ ነው። የእርስዎ 9.5 ሊትር 2.5 ጋሎን ስለሚሆን፣ ከ25 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ባለው ውስጥ ያርፋል። 50 ሴንቲ ሜትሩ በደቂቃ 15 ሊትርና ከዚያ በላይ ለሚያወጡ ማሽኖች የተሠራ ነው።

ከስፋቱ ቀጥሎ፣ እንዲያውም በእኔ ግምት ከስፋቱ በላይ፣ ሊጠየቅ የሚገባው ዘንጉ ጫፍና ጫፍ ላይ የተገጠሙት ኖዝሎች (ውሃው በግፊት የሚወጣባቸው ባለጠባብ ቀዳዳ አፎች) ቁጥር ነው። የኖዝል ቁጥር ማለት በ4000 ፒኤስአይ ግፊት በደቂቃ ስንት ጋሎን ያሳልፋል ማለት ነው፤ ቁጥር 2 ኖዝል በዚያ ግፊት 2 ጋሎን ያሳልፋል። ለራስዎ ማሽን የሚስማማውን ለማግኘት 4000ን ለማሽኑ ግፊት ያካፍሉ፣ የውጤቱን ስኩዌር ሩት ይውሰዱ፣ ከዚያም በጋሎኑ ያባዙት። በእርስዎ ማሽን 4000 ለ3000 ሲካፈል 1.33፣ ስኩዌር ሩቱ 1.155፣ በ2.5 ሲባዛ 2.9 ገደማ ይመጣል። ይህ የሁለቱ ኖዝሎች ድምር ስለሆነ ለእያንዳንዳቸው የሚቀርበው ቁጥር 1.5 ነው።

አሁን 50 ሴንቲ ሜትሩ ሁለት ቁጥር 2.5 ኖዝል ተገጥሞለት መጣ እንበል። ድምሩ 5 ይሆናል፤ የእርስዎ ፓምፕ የሚያወጣው ውሃ በዚያ ሰፊ ቀዳዳ ሲያልፍ ግፊቱ ወደ 1000 ፒኤስአይ ይወርዳል። ዘንጉ ይሽከረከራል፣ ውሃውም ይፈናጠራል፣ ወለሉ ላይ የተጋገረው ቆሻሻ ግን ባለበት ይቆያል። በተቃራኒው ኖዝሎቹ ከሚገባው በላይ ከጠበቡ ፓምፑ ውሃውን ማሳለፍ ስለማይችል የግፊት መቆጣጠሪያው ቫልቭ ይከፈትና ውሃው እዚያው ፓምፑ ውስጥ እየዞረ ይሞቃል፤ ይህ ደግሞ የፓምፑን ጎሚኒዎች የሚጨርስ ነገር ነው። ባለሦስት ኖዝል ዘንግም ለእርስዎ አልመክርም፤ ያንኑ ውሃ ለሦስት ሲያካፍሉት እያንዳንዱ ኖዝል ወደ ቁጥር 1 ይወርዳል፤ ቀዳዳው ከ1 ሚሊ ሜትር በእጅጉ ያነሰ ስለሚሆንም አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ትደፍነዋለች።

ሁለተኛው ምላሽ

በስሌቱ እስማማለሁ፤ 38 ሴንቲ ሜትሩ በዚህ ብቻ ከምርጫ ይውጣ ማለት ግን ይከብደኛል። ሥራውን የሚሠራው ክዳኑ ሳይሆን ፓምፑ ነው። ፓምፑ በደቂቃ የሚሰጠው ኃይል የተወሰነ ስለሆነ፣ ኖዝሎቹ እስከተስተካከሉ ድረስ ሰፊውን ክዳን የያዘ ሰው በዝግታ እየገፋ፣ ጠባቡን የያዘ ደግሞ ፈጠን እያለ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያጸዱት ቦታ ተቀራራቢ ይሆናል። ሻጩ በግማሽ ያሳጥራል ያለው ለዚህ ነው የማይሆነው፤ ነገር ግን በዚያው አንጻር 38 ሴንቲ ሜትሩ ለእርስዎ ማሽን ኪሳራ አይደለም፤ ታግሠው ከገፉት ይሠራል። 50 ሴንቲ ሜትሩን ግን በየትኛውም ስሌት ይተዉት።

እኔ ብሆን ከስፋቱ ይልቅ የማየው መሐል ላይ ያለውን መሽከርከሪያ ነው። ውሃው ከላይ ገብቶ ወደ ዘንጉ የሚከፋፈለው በዚያ በኩል ሲሆን፣ ውስጡ ኩሽኔታና ጎሚኒ አለው፤ የዚህ ዕቃ ዕድሜ የሚያበቃውም ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ ክዳኑን ገልብጠው ዘንጉን በጣትዎ መታ ያድርጉት፤ ሳያንጎራጉር ለጥቂት ጊዜ መዞር አለበት። ከዚያም ጫፉን ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱት፤ አዲስ ሆኖ የሚወላገድ ከሆነ ይመልሱት። ግሪስ መሙያ ያለው እንደሆነና ኩሽኔታውና ጎሚኒው ለብቻቸው የሚሸጡ እንደሆነ ይጠይቁ፤ መልሱ አይደለም ከሆነ መሽከርከሪያው ማንጠባጠብ የጀመረ ዕለት ዕቃውን በሙሉ መጣልዎ ነው። ሙቅ ውሃ የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ የሙቀት ጣሪያውንም ያንብቡ፤ በርካሾቹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው።

ስለ መጋጠሚያው ማንም ስላላነሳ ልጨምር። ኤም 22 የሚባለው ባለጥርስ መጋጠሚያ በሁለት ዓይነት ይመጣል፤ ከውጭ ጥርሱ አንድ ሆኖ ሳለ ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ በአንዱ 14፣ በሌላው 15 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱን ቢያቀላቅሉ ወይ አይገባም፣ ወይ ገብቶ በግፊት ጊዜ ያፈስሳል፤ ሰውም ጎሚኒው ተበላሸ ብሎ በከንቱ ይለውጣል። የራስዎን በካሊፐር ለክተው ቢሄዱ ይመረጣል።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወደ ሱቅ ከመመለሴ በፊት ሰሌዳውን ብቻ ከማመን ብዬ፣ ሞተሩን በሙሉ ፍጥነት አስነስቼ የተለመደውን ኖዝል እንደገጠምኩ 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ሞላሁ፤ ሁለት ደቂቃ ተኩል ወሰደ። እንደ ሰሌዳው ቢሆን ሁለት ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ነበር የሚበቃው። ይህ ልዩነት ምርጫዬን ይለውጠዋል? በተጨማሪም አሸዋ ስላለው ንጣፍና መስመር ስለመቅረቱ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛው ምላሽ

ባልዲው የነገረዎት ትልቅ ነገር ነው። 20 ሊትር በሁለት ደቂቃ ተኩል ማለት በደቂቃ 8 ሊትር፣ ወይም 2.1 ጋሎን ነው። መጀመሪያ ያንኑ ባልዲ ማሽኑ ሳይኖር በቀጥታ ከቧንቧው ይሙሉት። ቧንቧው ራሱ በደቂቃ ከ9.5 ሊትር ያነሰ የሚሰጥ ከሆነ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፤ ፓምፑ ውሃ ተርቦ አየር እየሳበ እንዳይጎዳ ግን ወይ ሰፋ ያለ ቱቦ፣ ወይ በማጠራቀሚያ በኩል የሚመጣ ውሃ ያስፈልገዋል። ቧንቧው በቂ ከሆነ በማሽኑ መግቢያ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት አውጥተው ይጠቡ፤ ብዙ ጊዜ ውሃውን የምታንቀው እሷ ናት።

ውሃው 8 ሊትር ላይ የሚቀር ከሆነ ክርክሩ ለ30 ሴንቲ ሜትሩ ያደላል። በ2.1 ጋሎን ስሌቱ 2.4 ገደማ ስለሚሰጥ ሁለት ቁጥር 1.25 ኖዝል ይስማማል፤ ቁጥር 1.5 ቢገጥሙ ግፊቱ ወደ 2000 ፒኤስአይ ዝቅ ይላል፤ እሱም ቢሆን ለአልጌና ለጭቃ አያንስም። ከመግዛትዎ በፊት ግን የፕላስቲኩ ኖዝሎች በቁልፍ የሚፈቱ መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ ተጣብቀው የተሠሩ ከሆነ እስካሁን የሠራነው ስሌት ሁሉ ዋጋ የለውም፤ ያኔ እኔም የሁለተኛውን መላሽ ሐሳብ ይዤ 38 ሴንቲ ሜትሩን እመርጣለሁ።

ንጣፉን በተመለከተ፣ ሰርፌስ ክሊነር በአሸዋ ላይ ርኅራኄ የለውም። ዘንጉ በእያንዳንዱ ዙር በመገጣጠሚያው ላይ ስለሚያልፍ አሸዋውን ጠርጎ ያወጣዋል። 25 ዲግሪ የሚዘረጋ ኖዝል ከ15 ዲግሪው ይልቅ ለስለስ ይላል፤ ክዳኑንም አንድ ቦታ ላይ አያቁሙት። ጠርዛቸው ከፍና ዝቅ ያሉ ንጣፎች ካሉ ብሩሽ ያለው ክዳን ጎማ ካለው ይልቅ ይንሸራተታል፤ የጎማው እግር በየጠርዙ እየተያዘ እጅ ያደክማል። ለሊሾው ግን ጎማው ይመረጣል፤ ምክንያቱም የኖዝሉን ከፍታ ሳያዛንፍ ይጠብቃል።

መስመር የሚቀረው በአብዛኛው ከሦስት ነገሮች በአንዱ ነው፦ በፍጥነት መግፋት፣ የቀደመውን መንገድ አለመደረብ፣ ወይም አንደኛው ኖዝል መደፈን። እያንዳንዱን ጉዞ ካለፈው ላይ ሲሶ ያህል ደርበው ይሂዱ። ክዳኑ ድንገት መንቀጥቀጥ ከጀመረ አንዱ ኖዝል ተደፍኗል ማለት ነው፤ ሞተሩን አጥፍተው፣ የቀረውን ግፊት በመርጫው ማስለቀቂያ አስወጥተው፣ በቀጭን ሽቦ ያጽዱት። ይህ እንዳይደጋገም ክዳኑን ከመግጠምዎ በፊት ውሃውን በባዶው ቱቦ ለጥቂት ጊዜ ይልቀቁት፤ በቱቦው ውስጥ የተቀመጠው ደለል ይወጣል። ጥቁርና አረንጓዴ አልጌ ያለበት ቦታ አስቀድሞ የተበጠበጠ በረኪና ተረጭቶበት ጥቂት ቢቆይ ግፊቱ ብቻውን ከሚያደርገው የተሻለ ውጤት ይገኛል፤ በአጠገቡ ተክል ካለ ግን ቀድመውም ኋላም በብዙ ውሃ ያርጥቡት። የዘይት ነጠብጣብ ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃ ቢደጋግሙት አይለቅም፤ ቅባት የሚያሟሟ ሳሙና ይፈልጋል።

አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። ውሃውን የሚለቁት ክዳኑ መሬት ላይ ካረፈ በኋላ ነው፤ የሚያነሱትም ዘንጉ ፈጽሞ ከቆመ በኋላ ነው። በዚህ ግፊት የሚወጣ ውሃ ቆዳ በስቶ ከገባ፣ ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ያህል ቢመስልም ሳይዘገይ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነው።

ለንጣፉ የሚሆን ደረቅ ደቃቅ አሸዋም አብረው ይግዙ፤ ከታጠበ በኋላ መገጣጠሚያው እስኪደርቅ ጠብቀው በመጥረጊያ እያስገቡ ይሙሉት፤ እርጥብ ሳለ ከሞሉት ላዩ ላይ ተጣብቆ ወደ ታች አይወርድም።