የጓደኛዬን የኮንሰርት ትኬት ለአጎቴ ማዛወር እችላለሁን? (ስፕሪንግስቲን በሳን ሲሮ)

ጥያቄ፦ ከቦሎኛ

የተከበራችሁ የሙዚቃ ወዳጆች፣ አሜሪካዊው ዘፋኝ ብሩስ ስፕሪንግስቲን ሰኔ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2025) በሚላኖ ሳን ሲሮ ስታዲየም ለሚያቀርበው ኮንሰርት ሁለት ትኬቶች በእጄ አሉ። የገዛኋቸው ዝግጅቱ አምና ጁን 1 ቀን ይካሄዳል ተብሎ በነበረበት ጊዜ ሲሆን፣ ዘፋኙ ድምፁን ታምሞ እንዲያርፍ በሐኪም በመታዘዙ የማርሴይ፣ የፕራግና የሚላኖ ዝግጅቶቹ ወደ ዘንድሮ እንደተላለፉ አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ። አንደኛው ትኬት በእኔ ስም፣ ሁለተኛው አብራኝ ልትሄድ በነበረችው ጓደኛዬ ስም ነው። እርሷ ግን በዚህ መካከል ኑሮዋን ወደ ካናዳ አዛውራለች።

እንደ አጋጣሚ የእናቴ ታናሽ ወንድም ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጥተዋል። ዕድሜያቸው 60 ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ተማሪ ሳሉ፣ የአሜሪካ ዘፋኞች ለወገኖቻችን እርዳታ ለማሰባሰብ በጋራ የዘፈኑትን «ዊ አር ዘ ዎርልድ»ን ከጓደኛቸው በተዋሱት ካሴት ሲሰሙ፣ «ይህ እንጨት እየፈለጠ የሚዘፍን የሚመስለው፣ ጉሮሮው የሻከረው ሰውዬ ማን ነው?» ብለው ጠይቀው ስሙን እንዳወቁ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲነግሩኝ ኖረዋል። እኔንም የዚህ ሰው አድናቂ ያደረጉኝ እርሳቸው ናቸው። ትኬቱ እንዳለኝ ገና አልነገርኳቸውም፤ በሩ ላይ ደርሰን ከምንመለስ ባይሰሙ ይሻላል ብዬ ነው።

የጓደኛዬን ትኬት ወደ እርሳቸው ስም ማዛወር ይቻላልን? የሚቻል ከሆነስ ፓስፖርታቸው ላይ ካሉት ሦስት ስሞች የትኛውን የት ልጻፍ? መቀመጫችን በሁለተኛው ፎቅ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱና ጉልበታቸውን አልፎ አልፎ የሚያማቸው በመሆኑ፣ ስለ መንገዱና ስለ ስታዲየሙ ሁኔታ የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ውለታ ትውሉልኛላችሁ።

መልስ፦ ሎሬቶ

እህቴ፣ ይቻላል፤ ነገር ግን ዛሬውኑ ይጀምሩት። በጣሊያን ከጁላይ 1 ቀን 2019 ወዲህ ከ5,000 በላይ ሰው በሚይዙ ቦታዎች ለሚቀርቡ ኮንሰርቶች የሚሸጥ ትኬት የባለቤቱን ስም መያዝ አለበት፤ በር ላይም ከመታወቂያ ጋር ይመሳከራል። ሕጉ የወጣው ትኬቱን በጅምላ ገዝተው በእጥፍና በሦስት እጥፍ የሚቸበችቡትን የአየር ባየር ነጋዴዎች ለመግታት ሲሆን፣ በዚያው ልክ እንደ እርስዎ ያለ ቅን ገዢ እንዳይጎዳ ሻጩ ድርጅት ስም የመለወጫ አገልግሎት እንዲሰጥ ያስገድዳል።

ትኬቶቹን የገዙት እርስዎ እስከሆኑ ድረስ ጓደኛዎ ከካናዳ ምንም ማድረግ አይጠበቅባትም። በገዙበት ድረ ገጽ ወደ ራስዎ መዝገብ ገብተው ትኬቱን ይምረጡ፣ ስም መለወጥ የሚለውን ይጫኑ፣ የአጎትዎን ስም ያስገቡ፤ ለአገልግሎቱ የሚጠየቀውንም ይክፈሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ስሙ ሲለወጥ አሮጌው ትኬት ይሰረዝና በምትኩ አዲስ ይወጣል። አስቀድመው ያተሙት ወረቀት ካለ በር ላይ ዋጋ የለውምና ከቦርሳዎ አውጥተው ቢቀዱት ይመረጣል። ስም መለወጥ የሚቆምበትን የመጨረሻ ቀንም እዚያው ገጽ ላይ ያገኙታል።

መልስ፦ የሽቱትጋርቱ

የስሙን ጉዳይ እኔ ልናገር፣ በራሴ ላይ ደርሷልና። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሌላ ኮንሰርት ስመጣ የያኔው መኖሪያዬ ጣሊያን ነበር። በሶጆርኖዬ (በመኖሪያ ፈቃዴ) ላይ ኮኞሜ (የቤተሰብ ስም) ተብሎ የተመዘገበው የአባቴ ስም ሲሆን፣ በፓስፖርቴ ላይ ግን በዚያው ቦታ የአያቴ ስም ይገኛል። ትኬቱን ስገዛ ከሶጆርኖው ገለበጥኩ፤ በር ላይ ደግሞ ፓስፖርቴን ዘረጋሁ። ጠባቂዋ ጣቷን ከትኬቱ ወደ ፓስፖርቱ፣ ከፓስፖርቱ ወደ ትኬቱ ስታመላልስ ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ። ሶጆርኖው በቦርሳዬ ባይኖር ኖሮ ዘፈኑን ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነበር የምሰማው።

ስለዚህ አጎትዎን ቤተሰብ ምን ብሎ እንደሚጠራቸው ይተዉት። ፓስፖርታቸውን ከፊትዎ አስቀምጠው፣ በቤተሰብ ስም መስመር ላይ ያለውን በቤተሰብ ስም ቦታ፣ በመጠሪያ ስም መስመር ላይ ያለውን፣ ሁለት ስምም ቢሆን፣ በመጠሪያው ቦታ ፊደል በፊደል ይገልብጡ። የእኛ ስም በላቲን ሲጻፍ መከራ እንዳለው ያውቃሉ፤ «ፀ»ን አንዱ በሁለት ፊደል፣ ሌላው በአንድ ይጽፈዋል፣ የሚጠብቀውንም ፊደል አንዱ ይደግመዋል፣ ሌላው ይተወዋል። እርስዎ ትክክል የሚመስልዎትን ሳይሆን ፓስፖርቱ ያለውን ይጻፉ። በዕለቱም ፎቶግራፉን ሳይሆን ዋናውን ፓስፖርት ይያዙ።

መልስ፦ ነርሷ ከቶሪኖ

የደም ግፊታቸው በመድኃኒት የተስተካከለ ከሆነ ኮንሰርት መሄድ በራሱ የሚያስፈራ ነገር አይደለም፤ ለማንኛውም ሐኪማቸውን በስልክ ቢያማክሩ አይከፋም። እኔን ከሙዚቃው ይልቅ የሚያሳስበኝ ሙቀቱ ነው። በጁን መጨረሻ የሚላኖ ቀን እንደ ምጣድ ነው፤ ሲሚንቶውም የዋለበትን ሙቀት እስከ ምሽት ይተፋል። ቀትር ላይ ደርሶ መሰለፍ የወጣቶች ሥራ ስለሆነ፣ እናንተ ቁጥር ያለው መቀመጫ እያላችሁ ለምን ትቃጠላላችሁ? ባርኔጣ፣ ሳሳ ያለ የጥጥ ልብስና ውኃ ይያዙ። በጣሊያን ስታዲየሞች ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ውኃ ያለ ክዳኑ እንጂ ከነክዳኑ አያስገቡም። ጃንጥላም ስለሚከለከል፣ ዝናብ ከተፈራ ታጥፎ ኪስ የሚገባ የዝናብ ልብስ ይበቃል። የምሽቱ መድኃኒት ሰዓቱ በዝግጅቱ መካከል የሚውል ከሆነ ከነማሸጊያውና ከሐኪም ማዘዣው ጋር ይያዙት፤ የተፈታ ክኒን ፍተሻ ላይ ያስጠይቃል።

ሌላው ጆሮ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ በእንዲህ ያሉ ቦታዎች አማካይ የድምፅ መጠን ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል፤ ይህ ራሱ ለሰዓታት ሲሰሙት ቀላል አይደለም። ከፋርማሲ የጆሮ መድፈኛ ይግዙላቸው። አበሻ ሽማግሌ ጆሮውን ደፍኖ ዘፈን ሊሰማ መሄዱ እንደሚያስቅ አውቃለሁ፤ እርስዎ ቀድመው ካደረጉት ግን እርሳቸውም ያደርጋሉ።

መልስ፦ ባለ ሃርሞኒካው

ወገኖቼ፣ ሁላችሁም ስለ መታወቂያና ስለ ክዳን ስታወሩ ልቤ ተቃጠለ! እኒህ ሰው አርባ ዓመት የጠበቁት ምን እንደሆነ ትንሽ እንናገር እንጂ። ያ የካሴቱ ዘፈን የተቀረጸው ጃንዋሪ 28 ቀን 1985 በሎስ አንጀለስ ነው። ስፕሪንግስቲን በዋዜማው በኒውዮርክ ግዛት በሲራኪዩዝ ከተማ የረጅም የኮንሰርት ጉዞውን አንድ ምዕራፍ ዘግቶ ነበር ወደዚያ የበረረው። አጎትዎ የሰሙት ያ የሻከረ ድምፅ፣ በተለይም መጨረሻው ላይ ከስቲቪ ዎንደር ጋር ሲቀባበሉ፣ ወራት ሙሉ በየመድረኩ ሲጮኽ የከረመ ጉሮሮ ነው። በዚያው ዓመት ጁን 21 ቀን በጣሊያን ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ ዘፈነ። የት? እዚሁ ሳን ሲሮ! ለእኔ ይህ ትኬት ከዚህ የተሻለ ቦታ ላይ ሊያርፍ አይችልም።

የሳን ሲሮ ሰው ደግሞ የተለየ ነው። በ2003 ዝናብ እየወረደበት ከሜዳው ንቅንቅ አላለም። ጁን 3 ቀን 2013 ዘፋኙ ወደ መድረክ ሲወጣ ታዳሚው ከየመቀመጫው ወረቀት አንሥቶ፣ ፍቅራችን እውነተኛ ነው የሚል ጽሑፍ በስታዲየሙ ወገብ ላይ ሠርቶ ተቀበለው። እኔ በጁላይ 2016 ሜዳው ውስጥ ነበርኩ፤ ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ያለ ዕረፍት ዘፈነ፣ እግሬን ያመመኝ በማግሥቱ ነው። ከእርሱ በፊት መድረኩን የሚያሟሙቅ ሌላ ዘፋኝ የለም፤ ዘግይቶ የመጣ ሰው የሚያመልጠው እርሱኑ ነውና ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ በመቀመጫችሁ ላይ ተገኙ።

ሰውዬው በሴፕቴምበር 76 ዓመት ይሞላዋል። በ2023 በጨጓራ ቁስለት፣ አምና በድምፁ ምክንያት ሲያቋርጥ «አበቃለት» ያልን ብዙዎች ነን። ዘንድሮ ግን ከሜይ ጀምሮ ማንቸስተርን፣ ሊቨርፑልን አዳርሶ እየመጣ ነው፤ ሊቨርፑል ላይ ፖል ማካርትኒ ራሱ መድረክ ላይ ተቀላቅሎታል። በባንዱ ውስጥ ሳክስፎን የሚነፋውን ወጣት ለአጎትዎ ያሳዩዋቸው። ጄክ ክሌመንስ ይባላል፤ በ2011 ያረፈው የታላቁ ክላረንስ ክሌመንስ የወንድም ልጅ ነው። ስፕሪንግስቲን በዘፈኖቹ መካከል በእንግሊዝኛ ረዘም አድርጎ መናገር ይወዳል፣ ዘንድሮ ደግሞ ስለ አገሩ ፖለቲካ ምርር ብሎ ነው የሚናገረው፤ ይህን ቀድመው ይንገሯቸው።

አንድ ተቃውሞ ብቻ አለኝ። ትኬታችሁን በሜዳ ትኬት መለወጥ ብትችሉ እኔ እለውጥ ነበር። እርሱ ወደ አጥሩ ወርዶ የሰው እጅ ሲጨብጥ፣ ሃርሞኒካውን ለሕፃን ሲያቀብል ከሁለተኛ ፎቅ የሚታየው በስክሪን ነው።

መልስ፦ ነርሷ ከቶሪኖ

ባለ ሃርሞኒካው፣ ግለትዎን አከብራለሁ፤ ጉልበቱን የሚያመው የ60 ዓመት ሰው ግን በዚያ ሙቀት ስድስትና ሰባት ሰዓት ቆሞ መዋል የለበትም። ስክሪኑን ቁጭ ብለው ይዩት።

መልስ፦ ቀዩ መስመር

የመንገዱን ነገር ለእኔ ተዉት። ከቦሎኛ በባቡር ሚላኖ ከገባችሁ በኋላ ፖርታ ቬኔዚያ ብትወርዱ በአካባቢው የአበሻ ምግብ ቤቶች ስላሉ፣ አጎትዎ እንጀራቸውን በልተው መድኃኒታቸውን ውጠው ይነሣሉ። ከዚያው ከፖርታ ቬኔዚያ ቀዩን ሜትሮ፣ ማለትም አንደኛውን መስመር፣ ይያዙ። ይህ መስመር ፓጋኖ ላይ ለሁለት ይከፈላልና ባቡሩ ግንባር ላይ ሮ ፊየራ የሚል መጻፉን ሳያረጋግጡ አይግቡ፤ ወደ ቢሼሊዬ የሚሄደው ሌላ ሰፈር ያደርሳችኋል። ሎቶ ላይ ወርዳችሁ ወደ ሐምራዊው አምስተኛ መስመር ተሻገሩ፤ የመጨረሻው ጣቢያ ስታዲየሙ ነው። በከተማው ውስጥ አንድ ጉዞ ዘንድሮ (በ2025) 2.20 ዩሮ ሲሆን፣ የባንክ ካርዳችሁን መግቢያው ላይ ብታስነኩት ይበቃል። ሐምራዊው ባቡር ሹፌር የለውም፤ አጎትዎን ከፊት ብታስቀምጧቸው ዋሻው እየተከፈተ ሲመጣ ይታያቸዋል።

ስታዲየሙ ሦስት ፎቅ ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1926፣ ሁለተኛው በ1955፣ ሦስተኛው ለ1990ው የዓለም ዋንጫ የተሠሩ ናቸው። ሁለተኛ ፎቅ መድረሱ ሦስተኛውን ያህል አያደክምም፤ ቢሆንም መወጣጫው ረጅም ነውና ቀስ ብላችሁ ጀምሩ። ሲያልቅ ሁሉም ሰው ወደዚያችው ጣቢያ ስለሚጎርፍ፣ ወይ ሕዝቡ እስኪቀል ተቀመጡ፣ ወይ ጉልበታቸው ከፈቀደ እስከ ሎቶ በእግር ሂዱ። ወደ ቦሎኛ ለመመለስ በዚያ ሰዓት ባቡር አትጠብቁ፤ ማደሪያችሁን ሚላኖ አድርጉ።

ከጠያቂዋ፦ ከቦሎኛ

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ስሙን የለወጥኩት «ሎሬቶ» በጻፉልኝ ዕለት ማታ ነው፤ አዲሱ ትኬት በማግሥቱ በኢሜይል ደረሰኝ። እንደተባልኩት ከፓስፖርቱ ፊደል በፊደል ገለበጥኩ። የአያታቸው ስም እኛ ቤት በአንድ «ኤስ» የሚጻፍ ሲሆን ፓስፖርቱ ላይ ሁለት ሆኖ አገኘሁት፤ የሽቱትጋርቱ ወንድሜ ባይነግሩኝ በራሴ ልማድ ጽፌው ነበር።

ለአጎቴ የነገርኳቸው ፖርታ ቬኔዚያ እንጀራ ቀርቦልን ሳለ ነው። ትኬቱን አንብበው ሲጨርሱ የተቆረሰው ጉርሻ በእጃቸው እንዳለ ቀረ፤ ከዚያ «የቤተሰብ ስም ብለሽ አያቴን ጻፍሻቸው? እንግዲህ አባባም ኮንሰርት ሊገቡ ነው» አሉኝ። በር ላይ ጠባቂው ስማቸውን ሊያነብ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሲያቅተው፣ እርሳቸው እስኪያስተካክል አስደግመውት ገባን። የጆሮ መድፈኛውን ያለ ክርክር አደረጉ። ከመጨረሻዎቹ በአንዱ፣ «ቦርን ቱ ረን» ሲጀመር የስታዲየሙ መብራት በሙሉ በራና ያ ሁሉ ሰው ፊት ለፊት ሲታይ ግን አውጥተው ኪሳቸው ከተቱት፤ ነርሷ እህቴ ይቅር ይበሉን።

ሐሙስ ጁላይ 3 ለሁለተኛው ምሽት የምትሄዱ ካላችሁ፣ ውኃችንን በእርግጥም ክዳኑን አስነቅለው ነው ያስገቡን። እኛ ሲያልቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ቁጭ ብለን ጠብቀን፣ ከዚያ እየተረማመድን እስከ ሎቶ ሄደናል፤ በመንገዱ ላይ የሚቀመጡበት አግዳሚ ስላላገኘን፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ያላችሁ ሐምራዊውን ባቡር ብትጠብቁ ይሻላል።