የለውዝ ቅቤ ብስኩቴ ለምን ይፈሳል?

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)፦
እንደምን ሰነበታችሁ? ያቺን በሁለት ብስኩት መሀል የለውዝ ቅቤ የሚቀባባትን ለልጆቼ ልሠራ ብዬ ጉድ ሆንኩ። ለውዙን ቆልቼ፣ ገለፈቱን አራግፌ ራሴ ፈጨሁት። 1 ስኒ የለውዝ ቅቤ፣ 1 ስኒ ስኳር፣ ስኒ ተኩል ዱቄት፣ 1 እንቁላል፣ የቀለጠ ቅቤ ግማሽ ስኒ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር። ኦቨን ውስጥ ተንጣሎ አንድ ሆነ! ትንሹ ልጄ «እማ፣ ይሄ አምባሻ ነው?» አለኝ።

መልስ (ባሕር ዳር)፦
እህቴ፣ ጥፋቱ የቀለጠው ቅቤ ነው። ለስላሳ ይሁን እንጂ አይቅለጥ። ሊጡን 1 ሰዓት ፍሪጅ አስቀምጪው። ደግሞ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ደጋ ነው፤ ከፍታ ላይ ሊጥ ቶሎ ስለሚነፋ ቤኪንግ ፓውደሩ ግማሽ ይበቃል።

መልስ (ፍኖተ ሰላም)፦
የመሀሉንስ እንዴት አደረግሽው?

ጠያቂ፦
ኧረ እሱማ ዘይቱን ለቀቀ፣ ሳህኑ ሁሉ ራሰ።

መልስ (ፍኖተ ሰላም)፦
ቤት የተፈጨ ለውዝ እንዲያ ነው። ደቅቆ የተፈጨ ስኳር እየጨመርሽ እስኪጠጥር እሺው፤ ጨው ቆንጠር አድርጊበት። ብስኩቱ በደንብ ሳይቀዘቅዝ እንዳትቀቢ። እኔ ችኩል ነኝ፣ ሁለቴ አበላሽቻለሁ።

ጠያቂ፦
ቅዳሜ እሞክራለሁ። አምባሻውን ግን ጨርሰውታል።