ጄሲ አፕልጌት ከእርሻ ወደ ምክር ቤት እንዴት ገባ?

ጠያቂ፦ በ1843 እ.ኤ.አ. ከሚዙሪ ከብቱን እየነዳ ወደ ኦሪገን የተሻገረው ገበሬ ጄሲ አፕልጌት እንዴት የሕዝብ ተመራጭ ለመሆን በቃ? የምታውቁ ብታብራሩልኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ በወቅቱ አሜሪካና ብሪታኒያ ሁለቱም አካባቢው ይገባናል ይሉ ስለነበር፣ ሰፋሪዎቹ የራሳቸውን ጊዜያዊ መንግሥት አቋቁመው ነበር፤ አፕልጌት በ1845 ተመርጦ የዚህ መንግሥት ምክር ቤት ሲገባ፣ የብሪታኒያ ተገዢዎችም ለአገራቸው ያላቸውን ታማኝነት ሳይክዱ እንዲሳተፉ በመንግሥቱ ለመሳተፍ የሚፈጸመው መሐላ ቃል እንዲሻሻል አድርጓል። ለእኔ ትልቁ ሥራው ይህ ነው።

መልስ 2፦ መንገዱም መረሳት የለበትም። በ1843ቱ ጉዞ ልጁና የወንድሙ ልጅ በኮሎምቢያ ወንዝ ሰጥመው ስለሞቱ፣ ቀያሽም የነበረው አፕልጌት በ1846 ከወንድሙ ከሊንዚ ጋር ከዚያ ወንዝ የሚያርቅ የደቡብ መንገድ አውጥቷል።

ጠያቂ፦ በ1857ቱ የኦሪገን የሕገ መንግሥት ጉባኤስ ተሳትፏል?

መልስ 1፦ ከኦሪገን አውራጃዎች አንዷ ከሆነችው ከአምፕኳ ተወክሎ ነበር፤ ሆኖም ጉባኤው ሳይጠናቀቅ ጥሎ ወጥቷል።