ክርክር፦ «አልታዘዝ አለ» ብሎ ተማሪን ማገድ ይቅር ወይስ ይኑር?

አወያይ፦ ካሊፎርኒያ «መምህሩን አልታዘዝ አለ» በሚል ብቻ ተማሪን ሰስፔንድ ማድረግን ከታች ክፍሎች ጀምራ፣ ከሐምሌ 2024 ወዲህ እስከ 12ኛ ክፍል ከልክላለች። ክርክሩን ያመጣው ቅጣቱ ጥቁር ልጆች ላይ መብዛቱ ነው። እኛ ያለንባቸው ሌሎቹ የአሜሪካ ስቴቶችስ ይከተሉ? (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።)

የቨርጂኒያው አባት፦ ኧረ አይከተሉ! ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል። ያጠፋ ይቀጣ፤ ቀለሙን ምን አመጣው? የኛ ልጆች ደግሞ ሥርዓት ከቤት ይዘው ነው የሚወጡት፣ ነገሩ እኛን አይመለከትም።

የሦስት ልጆች እናት፦ ጋሼ፣ የኔ ልጅ የታገደው እኮ በዚያው ከቤት ይዞት በወጣው ሥርዓት ነው። መምህርቷ እየተቆጣችው «ቀና ብለህ እየኝ» ስትለው አንገቱን ደፋ። ወረቀቱ ላይ «ንቀት» ተብሎ መጣ፤ ሁለት ቀን ቤት ዋለ።

ተመራማሪው፦ «ንቀት» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ቴክሳስ ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ የ7ኛ ክፍል ተማሪዎችን ለዓመታት ተከታትሎ በ2011 የወጣ ጥናት አለ። እንደ «ንቀት» ባለ፣ ቅጣቱ ለትምህርት ቤቱ ፈቃድ በተተወበት ጥፋት፣ ጥቁር ልጆች በሌላው ነገር ሁሉ ከሚመስሏቸው ነጭና ሂስፓኒክ ልጆች ይልቅ የመቀጣት ዕድላቸው በ31 በመቶ ይበልጣል። ሕጉ ራሱ «የግድ ይውጣ» በሚልበት ከባድ ጥፋት ላይ ግን ይህ ብልጫ አልታየም። ልጆቹ የባሱ አጥፊዎች ቢሆኑ ኖሮ እዚያም በታየ ነበር። «ድህነት ነው» ለሚለኝም፣ የኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2018 እንዳሳየው ድሃ ተማሪ በማይበዛበት ትምህርት ቤትም ቅጣቱ ጥቁር ልጆች ላይ ይበዛል።

የሚኒሶታዋ መምህርት፦ ቁጥሩን አልክድም። ግን አንዱ ሲረብሽ የቀሩት 29 ልጆችስ? ፒትስበርግ በእገዳ ፋንታ ቁጭ ብሎ መነጋገርን ሞከረች። እገዳው ቀነሰ፣ በጥቁርና በነጭ መካከል የነበረው ልዩነትም ጠበበ፤ የ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍሎች ውጤት ግን ወረደ። እገዳን መከልከል ምንም ገንዘብ አያስወጣም። ረዳትና አማካሪ መቅጠር ነው ገንዘብ የሚጠይቀው፣ እሱን ደግሞ ማንም አያነሳውም።

የቨርጂኒያው አባት፦ ይኸው! እሷ ገብቷታል። (የአንገት መድፋቱ ነገር ግን... እሱስ ግፍ ነው።)

ተመራማሪው፦ እስከዚያው በእጃችን ባለው እንጠቀም። ከ1975ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ፣ አደጋ ካላሰጋ በቀር የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅን ከማገዱ በፊት ጥፋቱን ሊነግረውና ቃሉን ሊሰማው ይገባል። እህቴ፣ ልጅሽን ጠይቀውታል?

የሦስት ልጆች እናት፦ ማን ጠይቆት! እኔም ፈርሜ ተቀበልኩ። እንግሊዝኛው ስለከበደኝ ወረቀቱን የተረጎመልኝ እሱ ራሱ ነው።