አስጎብኚው ሳይመጣ ቀረብን፤ ቤሪ ሴንት ኤድመንድስን የሚያውቅ ሰው ይርዳኝ!

የሰንበት ት/ቤቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጆቹን ይዘን ከለንደን ቤሪ ገብተናል። ቀጠሮ የሰጠን አስጎብኚ ስልክ አያነሳም። የገዳሙ ትልቁ በር ስር ቆመናል፣ ልጆቹ መሯሯጥ ጀምረዋል። አውቶቡሱ 10 ሰዓት ላይ ይመለሳል። የቅዱስ ኤድመንድ መቃብር የት ነው? ከየት ልጀምር? ቶሎ በሉኝ፣ ባትሪዬ እያለቀ ነው።

ማንችስተሬው፦
ቤሪ ከሆናችሁ ትራም ይዛችሁ ማንችስተር መሃል ግቡ። ለልጆች የሚሆን ሙዚየም ሞልቷል።

የሱፎልክ ነዋሪ፦
ያ ማንችስተር አጠገብ ያለው ሌላ ቤሪ ነው ወንድሜ። እነሱ ያሉት ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሱፎልክ ነው።
እህቴ፣ ከቆምሽበት ጀምሪ። የከተማው ሰው እ.ኤ.አ. በ1327 በመነኮሳቱ ላይ ተነስቶ የድሮውን በር አፍርሶት ነበር። ይሄኛው ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። ሐውልት ይቆምባቸው የነበሩትን ጎድጓዳ ቦታዎች ልጆቹ በደንብ ይዩ። ከኋላቸው የቀስት መወርወሪያ ቀዳዳ ተደብቋል። ቀድሞ ያገኘ ይሸለም!

ታሪክ ወዳድ፦
መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። ኤድመንድ የምሥራቅ አንግሊያ ንጉሥ ነበር። በ869 ዴንማርኮች ገደሉት። የሚገርመው፣ በ1020 ገዳሙን ያቋቋመው ራሱ የዴንማርክ ሰው ንጉሥ ክኑት ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ የእንግሊዝ ጠባቂ ቅዱስ ከመባሉ በፊት ማዕረጉ የኤድመንድ ነበር። የገዳሙ ቤተ ክርስቲያን ርዝመቱ 150 ሜትር ያልፍ ነበር። በ1539 ሄንሪ 8ኛ ገዳሙን ዘጋው። ከዚያ ሕዝቡ ጥርቡን ድንጋይ እየነቀለ ቤቱን ሠራበት። አሁን ቆሞ የምታዩት የግድግዳው ሆድ ዕቃ ነው፤ በኖራ የተያያዘ ባልጩት። ጠጋ ብለው ይንኩት። ደግሞ በ1214 ባሮኖቹ (ባላባቶቹ) በእንግሊዙ ንጉሥ ጆን ላይ እዚያ ተማማሉ ይባላል። በዓመቱ የንጉሡን ሥልጣን የገደበው ሰነድ፣ ማግና ካርታ መጣ።

ዲያቆን ዘሚካኤል፦
ይቅርታ አድርጊልኝና ኤድመንድ በስንክሳራችን የለም። ልጆችን ወደ መቃብሩ «መንፈሳዊ ጉዞ» ብሎ መውሰድ ልክ አይመስለኝም። ለመሆኑ መቃብሩስ አለ?

የሰንበት ት/ቤቷ፦
መንፈሳዊ ጉዞ አላልኩም ዲያቆን። ጉብኝት ነው። ልጆቹ የተወለዱት እዚህ አገር ነው፣ ታሪኩን ይወቁ ብለን ነው። እባካችሁ የት ልሂድ?

የሱፎልክ ነዋሪ፦
መቃብሩ አልተገኘም። አትልፊበት። የመነኮሳቱ መቃብር በነበረበት፣ በኋላ የቴኒስ ሜዳ በተሠራበት ቦታ ነው የሚሉ አሉ። በአትክልቱ አቋርጣችሁ ፍርስራሹ ጋ ሂዱ። ከዚያ የገዳሙን ምዕራባዊ ፊት ፈልጉ። ፍርስራሹ ውስጥ ቤት ተሠርቶበታል፣ መስኮትና በር አለው። ልጆች የሚወዱት እሱን ነው። ፊት ለፊቱ የኖርማን ግንብ አለ፤ 12ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

እማማ ጽጌ፦
ልጄ፣ ዓመተ ምሕረቱን ተይው። የተኩላውን ንገሪያቸው። የንጉሡን አንገት ቆርጠው ጫካ ጣሉት። ሰዎቹ «የት ነህ?» እያሉ ሲፈልጉ የተቆረጠው ጭንቅላት «እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህ» አለ። ሲደርሱ ተኩላ በእግሮቹ መሃል አድርጎ ሲጠብቀው አገኙት። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን አንበሶችና ነብሮች በሥዕል ያዩ ልጆች ቶሎ ይገባቸዋል። የከተማዋ ዓርማ ላይም ተኩላው አለ።

ቢኒ፦
በሩን አሳያቸው፣ ቀስት መወርወሪያ አለው።

የሱፎልክ ነዋሪ፦
ተብሏል ቢኒ።

ለንደኔው፦
10 ሰዓት ያልሽው በሀበሻ ነው በፈረንጅ? በፈረንጅ ከሆነ አውቶቡሱ ሄዷል! 😄

ሮማን፦
ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሳትገቡ እንዳትመለሱ። የሄንሪ 8ኛ እህት ሜሪ፣ የፈረንሳይ ንግሥት የነበረችው፣ እዚያ ነው የተቀበረችው። መጀመሪያ ገዳሙ ውስጥ ነበረች፣ ሲዘጋ ወደዚህ አመጧት። ጣሪያው ላይ ከእንጨት የተፈለፈሉ መላእክት አሉ። ልጆቹ ቀና ብለው ይዩ።
የፍልሰታ ጾም ስለሆነ ፍራፍሬ ካስፈለጋችሁ ገበያው ረቡዕና ቅዳሜ ይቆማል፤ ዛሬ አለ። እዚያው አጠገብ ሞይስስ ሆል የሚባል በ1180 አካባቢ የተሠራ የድንጋይ ቤት ሙዚየም ሆኗል። ትንንሾቹን ይዘሽ ከገባሽ ግን ጠንቀቅ በይ፤ በሰው ቆዳ የተለበደ መጽሐፍ አለ።

ዲያቆን ዘሚካኤል፦
የተኩላውን ታሪክ አላውቀውም ነበር። እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

የሱፎልክ ነዋሪ፦
እህቴ፣ ደረሳችሁ? የኬምብሪጅ ልጆችም ለኅዳር መምጣት ይፈልጋሉ። በእግር ስንት ሰዓት እንደፈጀባችሁ ብትነግሪኝ ለእነሱ ይጠቅማል።