ከሐሙራቢ እስከ አሜሪካ ሕገ መንግሥት፦ ለሰባተኛ ክፍል እንዴት ላስተምር?

ጥያቄ፦ የጥንቱን ዓለም ታሪክና የአሜሪካን መንግሥት ምሥረታ ዘመን በአንድ ዓመት እንዳስተምር ተመድቤያለሁ። ተማሪዎቼ ዓመተ ምሕረት ከመሸምደድ አልፈው ሁለቱን ዘመናት እንዲያገናዝቡ ምን ላድርግ?

መልስ 1፦ ጤና ይስጥልኝ። ዘመናቱን በሕግ ያገናኟቸው። የጥንቷ ባቢሎን ንጉሥ የነበረውን የሐሙራቢን ሕግ ቁጥር 196ንና 198ን ጎን ለጎን ያስነብቧቸው፤ የባለ ማዕረግን ሰው ዓይን ያጠፋ የራሱ ዓይን ሲጠፋ፣ የተራውን ሰው ዓይን ያጠፋ ግን ግማሽ ኪሎ ግራም ገደማ ጥሬ ብር ከፍሎ ይሄዳል። ልጆቹ «ለምን?» ማለታቸው አይቀርም፤ እኔ ከሁሉ የምወደው ክፍለ ጊዜ ይህ ነው።

መልስ 2፦ እስማማለሁ። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1787 የተረቀቀው ሕገ መንግሥት የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ሲደለደል በባርነት የተያዙትን ሰዎች እያንዳንዳቸውን እንደ ሦስት አምስተኛ ሰው እንደቆጠረ ያሳዩአቸው። ሆኖም ወደ ፍርድ ከመቸኮላቸው በፊት፣ ሕጉን ማን እንደጻፈውና ማን እንደተጠቀመበት ከጽሑፉ ፈልገው እንዲያወጡ ቢያደርጉ መልካም ነው።