ጥቆማ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤተሰብ የሚሆን ያገለገለ መኪና

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ያገለገለ የቤት መኪና ለመግዛት ያሰባችሁ ወገኖች፣ የእኔ ምርጫ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2006 የተሠራው ቶዮታ ኮሮላ ነው። ብዙ ሰው ቪትዝን የሚያስቀድመው ነዳጅ ስለሚቆጥብ ነው፤ ለከተማ ውስጥ ሥራም በእርግጥ ይበቃል። ይሁን እንጂ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ኮምቦልቻ ተነስቶ 2,500 ሜትር ገደማ ወደምትደርሰው ደሴ አምስት ሰው ከነጓዙ ጭኖ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ፣ አየሩም እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ባለ 1,000 ሲሲው የቪትዝ ሞተር እጅግ ይጨነቃል። ሱዙኪ ዲዛየር በነዳጅ ቁጠባም በአዲስነትም ከኮሮላ ስለሚሻል ሁለተኛ ምርጫዬ አደርገዋለሁ። ወደ ደላንታ ወይም ወደ መቅደላ ገጠር አዘውትሮ የሚመላለስ ግን አቅሙ ከፈቀደ ከመሬት ከፍ ያለውን ቶዮታ ራቭ ፎር ይፈልግ።

ከመኪናው ዓይነት ይልቅ የያዘው ሰው አያያዝ ይበልጣልና ፍተሻው ላይ አትቸኩሉ። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ድረሱና ኮፈኑን በእጃችሁ ዳብሱት፤ ሞቆ ከጠበቃችሁ ሻጩ የሚደብቀው ነገር ሊኖር ስለሚችል ለሌላ ቀን ቅጠሩ። የዘይቱን ክዳን ስትከፍቱ ውስጡ ቡና በወተት ከመሰለ ውኃና ዘይት ተቀላቅሏል፣ ጓርኒሲዮኑም (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጭስ ደግሞ ሞተሩ ዘይት እንደሚበላ ያሳያል። ከዚያ ቤተሰቡን አሳፍራችሁ ሐረጎን ውጡ፤ የሙቀት መለኪያው ከመሐል ማለፍ የለበትም። ስትወርዱ በከባድ ማርሽ ያዙት፤ ፍሬን ስትረግጡ መሪው ከተንቀጠቀጠ የፍሬኑ ዲስክ ሳይጣመም አልቀረም። ልጆች የሚጫኑበት መኪና ነውና ይህን ፈተና ያላለፈውን በምንም ዋጋ አትግዙ።

መካኒኩን ራሳችሁ ምረጡ፤ ደላላው የሚያመጣው ባለሙያ የሚከፈለው ሽያጩ ሲሳካ ሊሆን ይችላል። በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ሻጮች ዋጋ ሰቅለዋል፤ «ነገ አታገኙትም» የሚለው ጥድፊያም በርትቷል። ቢሆንም በሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር ሳታመሳክሩ፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበትም የመኪናው ፋይል ካለበት መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሳታረጋግጡ ቀብድ አትስጡ። የአዲስ አበባ ታርጋ ያለው ከሆነ ፋይሉን የሚያዛውረው ማን እንደሆነና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በውሉ ላይ አስጽፉ።